ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ወይስ በመኪና? አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ላሊበላ

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአየር 333 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ግን በሞጣ 490፣ በደብረ ማርቆስ 560 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህን ሁሉ ያስረዘመው ጮቄ ነው። ቀጥታው መስመር ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው ተራራ ላይ አልፎ ደጀን አካባቢ የዓባይን በረሃ ይሻገራል። መኪናው ግን ወይ በአዴት፣ በሞጣና በቢቸና፣ ወይ በዳንግላ፣ በእንጅባራና በፍኖተ ሰላም ተራራውን መዞር ግድ ነው። ከደጀን ጎሐ ጽዮን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለትና ዳገትም፣ የጫነ ተሳቢ ከፊት ከቀደመ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይበላል።

በስልክ የሚገኙ የርቀት ማስያዎች 333ን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ለሚል ፍጥነት አካፍለው «25 ደቂቃ» ይላሉ። አይመኗቸው። በአገር ውስጥ መስመር የሚሠራው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 አውሮፕላን በሰዓት ከ670 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ መንደርደሩ፣ ከፍታ መያዙና መውረዱም ሲታከል ትኬቱ ላይ የሚጻፈው 1 ሰዓት ገደማ ነው። ከቤት እስከ ቤት የሚፈጀውን ካሰላን፣ ወደ ኤርፖርት ግማሽ ሰዓት፣ ለፍተሻና ለቼክ ኢን 2 ሰዓት፣ በረራው 1 ሰዓት፣ ሻንጣ ተረክቦ ከቦሌ ለመውጣት ሌላ 1 ሰዓት፤ ድምሩ 4 ሰዓት ተኩል። አውቶቡስ መንገዱ ሰላም ሆኖ እንኳ 10 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ገንዘብ ካልቸገረዎ አውሮፕላን።

ጎንደር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በአየር 102 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ መስመሩ ጣና ላይ ያልፋል። መኪናው ሐይቁን በምሥራቅ ዞሮ በሐሙሲት፣ በወረታና በአዲስ ዘመን 180 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ትኬቱ በአዲስ አበባ የሚያዞር ከሆነ ግን ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ በርረው 102ቱን ይጨርሳሉ፤ ቀኑም ያልቃል። በ3 ሰዓት ተኩል የሚያደርስ ሚኒባስ እያለ ለዚህ መክፈል ኪሳራ ነው።

ላሊበላ መሐል ቤት ናት፦ በአየር 185፣ በደብረ ታቦርና በጋሸና 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። መንገዱ በዕለቱ ክፍት መሆኑን መናኸሪያ ጠይቀው ይወስኑ፤ ከተዘጋ በአውሮፕላን በአዲስ አበባ መዞሩ፣ 665 ኪሎ ሜትር ቢሆንም፣ ያዋጣል።

ለመብረር ከወሰኑ የጠዋቱን በረራ ይምረጡ። ክረምት ላይ ደመናና ዝናብ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፤ የጠዋቱ ቢሰረዝ የቀኑ ሊደርስልዎ ይችላል። ከቦሌ ወደ ውጭ አገር የሚቀጥሉ ከሆነ የዕለቱን የመጨረሻ በረራ አይያዙ። የእጅ ሻንጣ እስከ 7 ኪሎ ነው፤ የኪው 400 የላይ ሳጥን ጠባብ ስለሆነ ትልቁን በር ላይ ሊቀበሉዎ ይችላሉ፤ ገንዘብና መድኃኒት አይተዉበት። ትኬት ሲቆርጡ ስምዎ ከመታወቂያዎ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። ሰዓቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፦ 07:00 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንጂ 7 ሰዓት አይደለም፤ 13:00 ነው የቀኑ 7 ሰዓት።