ሁለቱን የምትነካ ዶቃ፦ የቲ ሴል ማንቂያ ቢድስ እንዴት አገኘሁት?

ላብራቶሪ ውስጥ ቲ ሴል የተባለውን በሽታ ተከላካይ ነጭ የደም ሴል የምንቀሰቅስበትን ቢድስ (ጥቃቅን ዶቃዎች) ከገዛሁ ቆየሁ። 4.5 ማይክሮሜትር የሆነች የማግኔት ዶቃ ናት። ላይዋ ላይ ሁለት ዓይነት አንቲቦዲ (ዒላማውን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ተለጥፏል፤ አንዱ በቲ ሴሉ ላይ ያለውን ሲዲ3 የተባለ ፕሮቲን ይይዛል፣ ሌላው ሲዲ28ን። በሲዲ3 የሚገባው የመጀመሪያው፣ «ለየሁት» የሚለው ምልክት ነው፤ በሲዲ28 የሚገባው ሁለተኛው፣ ማረጋገጫው ነው።

ሁለተኛው ምን ያደርጋል? እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ቁጠባ መስሎኝ ፀረ-ሲዲ3 ብቻ ሳህን ላይ ቀብቼ የተጣሩ ቲ ሴሎች ጨመርኩበት። በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ሳይ ጥቂቶቹ ወፈር ብለዋል፤ የቀሩት ጭጭ። በአራተኛው ቀን ብቆጥር እምብዛም አልጨመሩም። የባሰው ቀጥሎ መጣ። አሳርፌ ደግሜ ብቀሰቅሳቸው ኢንተርሉኪን-2 (ቲ ሴሎች እንዲባዙ የሚያደርግ ፕሮቲን) ለማምረት ዳተኛ ሆኑ። አነርጂ፣ ማለትም የሴሉ መደንዘዝ፣ የሚሉት ይኸው ነው።

ሰውነት ይህን ጥንቃቄ የሚያደርገው ወዶ አይደለም። የገዛ አካላችንን የሚለዩ ቲ ሴሎችም በደማችን ይዞራሉ። ስለዚህ መለየት ብቻውን አይበቃም። ባዕድ ነገርን ለቲ ሴል የሚያሳየው ዴንድሪቲክ ሴል አደጋ ሲሸተው ሲዲ80ና ሲዲ86 የተባሉ ፕሮቲኖችን ላዩ ላይ በብዛት ያወጣል፤ እነሱ ሲዲ28ን ሲነኩ ነው ቲ ሴሏ የምታምነው።

ቢድሱን ለአንድ ሴል አንድ ዶቃ አድርጌ ስጨምር ግን ሌላ ነገር ሆነ። በማግስቱ ሴሎቹ ዘለላ ሠርተው አገኘኋቸው። በሦስተኛው ቀን ሚዲያው (ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ) አሲድ በዝቶበት ቢጫ ሆነ፤ እንዲህ ነው የሚበሉት!

እንከኑስ? ዶቃዎቹ ቶሎ ይዘቅጣሉ። መመሪያው «በደንብ ያነቅንቁ» ብሎ ያልፋል፤ እኔ በዚህ ምክንያት አንድ ሙሉ ሙከራ አበላሽቻለሁ። በማግኔት ሲወጡም ጥቂቶች ይቀራሉ፣ ሴሎችን አንድ በአንድ የሚለካውን መሣሪያ፣ ፍሎው ሳይቶሜትሩንም ያደናግሩታል።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ፍሬን የሌለው መሆኑ ነው። በሰውነት ውስጥ ሲቲኤልኤ-4 የተባለ የቲ ሴል አቀዝቃዥ ፕሮቲን ዘግየት ብሎ ይመጣና ሲዲ80ንና ሲዲ86ን ከሲዲ28 ይሻማል፤ አያያዙም ይጠነክራል። ዶቃዋ ላይ ያለው አንቲቦዲ ስለሆነ የሚሻማው የለም። ለረጅም ጊዜ ከተዋችኋቸው ሴሎቹ ይዝላሉ። ሲዲ28 ደግሞ ቀልድ አያውቅም። በ2006 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ምልክት (የሲዲ3ን) ሳይጠብቅ ሲዲ28ን የሚቀሰቅስ ቲጂኤን1412 የተባለ አንቲቦዲ ለ6 ጤነኛ ፈቃደኞች ተሰጥቶ ነበር። ስድስቱም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ።

ያም ሆኖ ሁለተኛ ቱቦዬን ከፍቻለሁ። የተረፈኝን ፀረ-ሲዲ3 አልጣልኩትም፤ አዲስ ልጅ ወደ ላብራቶሪያችን ሲመጣ ለብቻው እንዲሞክረው እሰጠዋለሁ።