ከእናቴ ጋር ሲኒማ ቤት

ከአገር የወጣሁት በ1998 ዓ.ም. ነው። ያኔ የአማርኛ ፊልም በቪዲዮ ካሜራ እየተቀረጸ በየሲኒማ ቤቱ መታየት የጀመረበት የሞቅታ ጊዜ ስለነበር፣ ፒያሳ ላይ ለእሁድ ትኬት ፀሐይ እየመታን እንሰለፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለእኔ የአማርኛ ፊልም ማለት ዩቲዩብ ነው፤ ሜሪላንድ ቤቴ ሽንኩርት እየከተፍኩ በግማሽ ጆሮ የምሰማው። ዘንድሮ ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ስገባ፣ ከዘመድ ጥየቃው የተረፈችኝን ጊዜ አብቃቅቼ አራት ፊልም ሲኒማ ቤት ገብቼ አየሁ። ለበዓል ወደ አገር ቤት የምትገቡ ካላችሁ የገጠመኝን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የሄድነው ቦሌ ነው፤ እኔ፣ እናቴ፣ የእህቴ ልጅና አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጄ። እናቴ ሲኒማ ቤት ከገባች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። በወጣትነቷ የህንድ ፊልም ሲመጣ ከጓደኞቿ ጋር ተደብቃ ትገባ እንደነበር፣ አያቷ ግን በከተማው የመጀመሪያ የሆነውን ሲኒማ ቤት እንደ ዘመኑ ሰው ሁሉ «የሰይጣን ቤት» ይሉት እንደነበር በመንገድ ላይ ስታወራን ሄደች። አዳራሹ ደረጃ አለው፣ ጨለማ ነው፣ እሷ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ይዣት ልመለስ ይሆን እያልኩ ሳመነታ፣ መቀመጫ የሚያሳየው ወጣት ባትሪውን መሬት መሬቱን እያበራ መጣና ክንዷን ያዘ። «እማማ፣ ቀስ ይበሉ፤ አራት ደረጃ ነው የቀረን። ሦስት። ሁለት። እሰይ፣ ደረስን።» ጫፍ ላይ አስቀመጣት፣ እግሯን መዘርጋት እንድትችል። ፊልሙ ሲያልቅም ሰው ተጋፍቶ እስኪወጣ ጠብቆ መልሶ አወረዳት። ጉርሻ ስሰጠው «ለእማማ እኮ ነው» ብሎ እምቢ አለኝ፤ እናቴ ራሷ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት። በሦስቱ ሳምንት ባንክም፣ ፀጉር ቤትም፣ ሐኪም ቤትም ገብቻለሁ። እንደዚያ ልጅ ያስተናገደኝ የለም።

ፊልሙ የፍቅር ኮሜዲ ነው። ገና እየታየ ስለሆነ መጨረሻውን አልነግራችሁም። የመጀመሪያው ግማሽ ደስ ይላል፣ ጨዋታው የሰፈር ጨዋታ ነው፣ ማንም እንደ መጽሐፍ አይናገርም። ከግማሽ በኋላ ግን የለመድነው ነገር መጣ፤ ምስጢሩ ሁሉ በር ላይ ቆሞ በመስማት ይፈታል። አንድ ጊዜ ቢሆን እሺ፣ ሦስት ጊዜ! ቢሆንም እናትየዋ ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጇን ሻንጣ የምትፈታበት ቦታ አለ። ሸሚዟን አወጣች፣ አሸተተች፣ ምንም ሳትናገር መልሳ አጠፈችው። ያ ሁሉ ሲስቅ የነበረ አዳራሽ ጸጥ አለ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ውይ፣ እናት» አለች፣ እናቴ ደግሞ ዘወር ብላ «እውነትሽን ነው» ብላ መለሰችላት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እስከ መጨረሻው ሲጨዋወቱ አመሹ።

ይህን የምተርከው ያለ ምክንያት አይደለም። የዚሁ ዳይሬክተር የቀድሞ ፊልም ዩቲዩብ ላይ ከፍቼ ሃያ ደቂቃ ሳልቆይ ትቼው ነበር፤ ዝግ አለብኝ፣ ሰለቸኝ። አሁን ሳስበው ያ ዝግታ ለሰው የተተወ ቦታ ነው። ተመልካቹ የሚስቅበት፣ ተዋናዩን የሚመክርበት፣ «አትመኛት!» ብሎ የሚጮህበት ትንፋሽ ተቆጥሮ ተሠርቷል። ብቻዬን ስልክ ላይ ሳየው ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ቀረብኝ እንጂ ፊልሙ ባዶ ሆኖ አይደለም። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ አይታችሁ «የአማርኛ ፊልም ሞቷል» የምትሉ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ አንድ ቅዳሜ ከሰው ጋር ተቀምጣችሁ እዩ።

ሁለተኛውን ያየሁበትን ቤት ስም አልጠራም። ድምፁ በጣም አሳዘነኝ። ሙዚቃው ደረት ይነቀንቃል፣ ንግግሩ ግን ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ታሪኩ የሁለት ወንድማማቾች የርስት ክርክር ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ ቃል በቃል ካልሰማህ ምን ቀረህ? መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ተነሳ፣ ፊልሙም ቀጠለ፣ ነገር ግን ከቆመበት አልነበረም። የዕርቁ መጀመሪያ ተዘሎ ሰዎቹ እያለቀሱ አገኘናቸው። ወጥቼ ወደ ኋላ እንዲመልሱልን ለመንኩ፤ «እሺ» አሉኝ፣ አልመለሱም። መብራት መጥፋቱን ማንም አይቆጣም፣ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የገባበትን ታሪክ ዕርቅ መቁረጥ ግን ልክ አይደለም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ለባለሙያዎቹ ልበል። ካየኋቸው ሦስት የአማርኛ ፊልሞች ሦስቱም የሚጀምሩት በድሮን ነው፤ አስፋልቱ፣ መብራቱ፣ ፎቁ። ቀረጻው ጥርት ያለ ነው፣ ቀለሙ ያምራል፣ እኔ ከሄድኩበት ጊዜ ጋር አይወዳደርም። ግን ገጸ ባሕርዎቹ የሚኖሩት ከዚያ ከፍታ በማይታይ ግቢ ውስጥ ነው። ካሜራው ቶሎ ይውረድና ያንን በር ያሳየን።

የሰብታይትሉም ነገር አለ። ልጄ አማርኛ ይሰማል፣ ፈጣን ንግግር ግን ያመልጠዋል፤ ከታች የሚሄደውን እንግሊዝኛ ነበር የሚከተለው። አንዷ «ሆድ ይፍጀው» ስትል ጽሑፉ ሆዴ ተቃጠለ ይላል። ልጄ ጎንበስ ብሎ «እማዬ፣ ሴትዮዋ ታማለች?» አለኝ። በጆሮው አስረዳሁት፤ እስካስረዳው ሌላው ትዕይንት አለፈ። ውጭ አገር ስንት ሺህ ልጅ የአያቶቹን ቋንቋ በእነዚህ ፊልሞች እየተማረ እንደሆነ አዘጋጆቹ ቢያውቁ፣ ለትርጉሙ አንድ ጥሩ ሰው ይቀጥሩ ነበር። ሦስተኛው ፊልም በዚህ በኩል የተሻለ ነበር፣ ከዚያ ውጭ የሚወራለት አይደለም። አራተኛው የውጭ የአክሽን ፊልም ነው፣ ለልጄ ብዬ የገባሁት፤ ሜሪላንድም የማየው ያው ነው።

ስለ ክፍያ፦ ሲም ካርድ ስታወጡ አብራችሁ ቴሌብር ክፈቱ። እኔ በየመስኮቱ ጥሬ ብር ስቆጥር የእህቴ ልጅ በስልኳ ከፍላ ትጠብቀኝ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር ለሚያስብ ሰው ትኬቱ ቀላል ነው። ለእሷ ግን ከነፈንዲሻውና ከነታክሲው ወር ሙሉ የሚታሰብበት ወጪ ነው፤ ከኔ በፊት ሲኒማ የገባችው የዛሬ ዓመት እንደሆነ ስትነግረኝ ደነገጥኩ። ከሄዳችሁ ብቻችሁን አትሂዱ፣ የቤተሰብ ወጣቶችን ይዛችሁ ግቡ።

ወደፊት ስለሚመጡት፣ በር ላይ የተሰቀሉት ፖስተሮች ብዙዎቹ አሁንም ሙሽራና ሽጉጥ ናቸው። አንድ ትሬለር ግን ልቤን ወሰደው፤ ገጠር ያለች መምህርት፣ ዝናብ፣ ቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርደው ድምፅ፣ ሌላ ምንም። እሱ ሲወጣ እዚህ አለመኖሬ ይቆጨኛል። ከሁሉ በላይ የምጓጓው ግን ሌላ ነው። የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ ሲሸለም ዋሽንግተን ያለን ሰዎች የራሳችን ልጅ የተዳረ ያህል ተደስተናል፤ ኃይሌ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር የኖረ፣ እዚያው ፊት ለፊት ባለው ሳንኮፋ መጻሕፍት ቤቱ ስንገባ የምናገኘው ሰው ነው። ለአሥርት ዓመታት የደከመበትን የጣሊያን ወረራ ፊልሙን አዲስ አበባ፣ አርበኞቹን ከሚያስታውሱ አረጋውያን ጎን ተቀምጬ ማየት እፈልጋለሁ። እነሱ በሕይወት እያሉ።

ልወጣ ሁለት ቀን ሲቀረኝ እናቴ ቡና እያፈላች «ያ ባትሪ የያዘው ልጅ ቅዳሜም ይገባል?» አለችኝ። ለእህቴ ልጅ በወር የሁለት ሰው ትኬት የሚሆን ቴሌብሯ ላይ አስገባሁላት። እናቴ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀቻት፦ ጫፍ ላይ ያለውን ወንበር ነው የምፈልገው፣ ያኔ የተቀመጥኩበትን።