የሰርዲን ጣሳ መብራቴ ከስምንት ወር በኋላ

ካሜራዬ ላይ የምሰካትን ይህችን ትንሽ መብራት የሠራኋት መስከረም ላይ ነው። አሁን ግንቦት አጋማሽ ደርሰናል። በመሃል የጥር ሰርግ አለ፣ ሁለት ክርስትና አለ፣ የልደቱን ቁጥር ትቼዋለሁ። ስለዚህ ስለዚህች መብራት አፌን ሞልቼ የማወራበት ጊዜ ላይ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው አንድ መልስ ላይ ነው። ካሜራዬ ሁለተኛ እጅ የገዛኋት ካኖን 700ዲ ናት። ማታ ድንኳን ውስጥ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ሳደርገው ምስሉ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሙሽራዋ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች። ከላይ ያለው አምፖል ቀሚሱን ያደምቀዋል፣ ፊቷ ግን ጥላ ውስጥ ነው። ለፊቷ ብዬ ብርሃን ስጨምር ጥልፉ ይጠፋል። ለጥልፉ ብዬ ስቀንስ ሙሽራዋ ራሷ ትጠፋለች። ትልቅ መብራት አልነበረም ያስፈለገኝ። ፊት ላይ የምታርፍ ትንሽ ብርሃን ብትኖር በቂ ነበር።

ተሠርቶ የሚሸጠውን ዋጋ ጠየቅኩና አመስግኜ ወጣሁ።

ከመርካቶ ለጂፕሰም ጣሪያ የሚገዛውን ባለ 12 ቮልት የኤልኢዲ ስትሪፕ (ትንንሽ አምፖሎች የተደረደሩበት ሪባን) ገዛሁ። በሜትር 60 አምፖል ያለው፣ ሜትሩ 14 ዋት ገደማ የሚበላው ዓይነት ነው። በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ይቆረጣል፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ሦስት አምፖል አለ። ሰርዲን ጣሳ ውስጥ የ10 ሴንቲ ሜትር አራት ረድፍ ልክክ ብሎ ገባ። ጣሳው ውስጡ ያብረቀርቃል፣ ቆርቆሮ ስለሆነ ደግሞ ሙቀቱን ወደ ውጭ ያወጣል። ግን በደንብ እጠቡት። እኔ አንዴ ለቅለቅ አድርጌ ተውኩትና፣ መብራቷ ስትሞቅ ሽታው ተነሳ። አጠገቤ የቆመው ሚዜ ሁለት ጊዜ ጫማውን ገልብጦ አየ።

ባትሪው ከሞተ ላፕቶፕ የወጡ ሦስት ሴሎች በተከታታይ የታሰሩበት ነው። እግሯ የተበላሸ ፍላሽ እግር ነው። ፕላስቲኩን ምረጡ፤ ብረት ከሆነ ካሜራው ላይ ያሉትን የፍላሽ መገናኛዎች ሊያገናኛቸው ይችላል። ፊቷ ላይ ከነጭ ጀሪካን የቆረጥኩት ፕላስቲክ አለ። ጠቅላላ ወጪዬ 1,200 ብር አልደረሰም።

ጀሪካኑ መጀመሪያ አልነበረም። ሙሉ ብርሃኑን እንዳለ ለቀቅኩት። አንዲት እናት እስክስታ ላይ እያሉ ትከሻቸውን አቁመው፣ «አንተ ልጅ፣ ዓይኔን አጠፋኸው እኮ!» አሉኝ። «ይቅርታ እማማ» ብዬ አጠፋሁ። ልክ ነበሩ። በማግስቱ ቪዲዮውን ሳየው የሁሉም ግንባር ላይ 24 ነጠብጣብ አለ፣ ከእያንዳንዱ ሰው ኋላ ደግሞ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል ጥላ። ጀሪካኑ ከብርሃኑ ትንሽ ይወስዳል፣ ግን ሰውን ሰው ያስመስለዋል።

የቀለሙ ነገር ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ የገዛሁት ቀዝቃዛ ነጩን፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን ነው፣ ሱቁ ውስጥ በጣም ደምቆ ስለታየኝ። አዳራሹ ግን ቢጫ አምፖል ነው ያለው። ዋይት ባላንሱን (ካሜራው ነጭን ነጭ አድርጎ እንዲያይ የሚስተካከልበትን) ለአዳራሹ ሳስተካክል የሙሽራዋ ፊት አመድ የተነፋበት መሰለ። ጠይም ቆዳ ላይ ይሄ ወዲያው ነው የሚያስታውቀው። ርካሽ ኤልኢዲ ቀይን በደንብ ስለማያወጣ ጠይም ፊት ሕይወቱን ያጣል። ስለዚህ ሁለቱን ረድፍ ነቅዬ ወደ ቢጫ በሚያደላው ሞቃታማ ቀየርኩ። ለሞቃታማው አንድ ማብሪያ፣ ለቀዝቃዛው ሌላ ማብሪያ። ቢጫ አዳራሽ ከሆነ አንዱን፣ ቀን መስኮት አጠገብ ከሆነ ሌላውን፣ ሲጨልም ሁለቱንም። ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ይሄ ነው።

ማብሪያዎቹ የመጡት የብርሃን መቀነሻው ስላበገነኝም ነው። ርካሹን ገዝቼ ገጠምኩት፣ ለዓይን ምንም የለውም። ቪዲዮው ላይ ግን ጥቁር መስመሮች ከላይ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ለካ እሱ የሚያደበዝዘው በፍጥነት እያበራ እያጠፋ ነው፣ ካሜራው ደግሞ ያንን ይይዘዋል። ነቅዬ ጣልኩት።

ጥር ላይ አንድ ሆቴል በር ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን ከፈተ። ጣሳ፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ፣ ሁለት ማብሪያ፣ በፕላስተር የታሰረ ባትሪ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መብራት ነው።»

«ይሄ?»

ላሳየው ማብሪያውን ስነካ ሦስት እርምጃ ወደኋላ ሄደ። የሙሽራው ወንድም መጥቶ እስኪያስገባኝ ድረስ ቆሜ ቀረሁ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ የቀረጽኩትም ከኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ጣሳውን ጥቁር ቀባሁት፣ ባትሪውንም በፕላስቲክ ሳጥን አሸግኩት። ቦሌ ኤርፖርት ይዘሃት ግባ ብትሉኝ ግን አሁንም አልገባም።

በባትሪው ግን ቀልድ የለም። መጀመሪያ ያለ መከላከያ ነበር ቻርጅ የማደርገው። አንድ ማታ ነክቼ ሳየው አንዱ ሴል እጅ ያቃጥላል። ነቅዬ ሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀመጥኩትና ሌሊቱን ሙሉ ስመለከተው አደርኩ። በማግስቱ ቢኤምኤስ የሚባለውን፣ ሴሎቹ ከልክ በላይ እንዳይሞሉ የሚጠብቀውን ትንሽ ቦርድ ገዝቼ ገጠምኩ፣ ያኔ ያጠፋሁት ብር ቀድሞ መጥፋት የነበረበት ነው። የአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ፈልፍላችሁ የማታውቁ ከሆነ ይቺን ሥራ ለሚያውቅ ስጡ።

ሌላው ችግር ብርሃኗ ቀስ እያለ መድከሙ ነው። ሦስቱ ሴሎች ሲሞሉ 12.6 ቮልት ናቸው፣ 10 አካባቢ ሲደርሱ መብራቷ በግልጽ ትደበዝዛለች። ቀስ በቀስ ስለሆነ እዚያው ቆሞ ማንም አያስተውልም። ኤዲት ላይ ስቀመጥ ነው ንግግሩ ሲጀመር ብሩህ፣ ሲያልቅ ምሽት ሆኖ የማገኘው። ባንድ ሙሌት ለሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ትሠራለች፣ እኔ ግን አንድ ሰዓት ተኩል እንደሠራች ባትሪውን እቀይራለሁ።

አቅሟን ደግሞ ማወቅ ነው። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) 1.8 ላይ፣ አንድ ሜትር ርቀት ላይ አይኤስኦ 800 ይበቃኛል። ሁለት ሜትር ላይ ብርሃኑ ሩብ ነው የሚሆነው፣ ሦስት ላይ የለችም በሉት። ኬክ ሲቆረስ፣ ቀለበት ሲደረግ፣ ሽማግሌ ሲመርቅ ጥሩ ናት። የጭፈራ መሃል ላይ አትልፉ።

በስምንት ወር ውስጥ ከአምፖሎቹ አንድም አልተቃጠለም። የተበጠሰው ሁልጊዜ ሽቦው ነው፣ ማብሪያው ሥር፣ ሦስት ጊዜ። በመጨረሻ በወፍራምና ለስላሳ ሽቦ ቀይሬ፣ ሶልደሩ ላይ ጫና እንዳይኖር ጣሳው ላይ አሰርኩት። የስትሪፑ ማስቲሽም በሁለተኛው ወር ለቅቆ ነበር፣ በሲሊኮን አጣበቅኩት።

አሁን ከሦስቱ ሴሎች አንዱ ደክሟል። የሐዋርያት ጾም ከመግባቱ በፊት ሁለት ሰርግ ይቀረኛል። ደህና ሴል እየፈለግኩ ነው፣ ካላገኘሁ ለራት ሰዓት ብቻ እያበራሁ እጨርሰዋለሁ።