ጎንደር ውስጥ ስብከት መማር ለምትፈልጉ አገልጋዮች

እዚህ ከተማችን ነባር ፓስተሮች ለወጣት አገልጋዮች የሚሰጡትን የስብከት ስልጠና ጨርሻለሁ። ግቡበት እላለሁ። የጎደለውንም እነግራችኋለሁ።

የሚያስተምሩት ንግግር ማሳመር አይደለም። መጀመሪያ የምትሰብኩበትን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ደጋግማችሁ ታነባላችሁ። ማን ጻፈው? ለማን? ከፊቱና ከኋላው ምን አለ? ከዚያ ዋናውን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ይሏችኋል። ብዙዎቻችንን ያላበን እዚህ ላይ ነው።

እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያለው የሰላም ሐሳብ እንደሆነና ተስፋ እንደሚሰጣቸው የሚናገረውን ኤርምያስ 29፥11ን ውሰዱ፤ በአዲስ ዓመት የማይሰበክበት አጥቢያ ያለ አይመስለኝም። ፓስተሩ ከቁጥር 1 አስጀመሩን። ለካ ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ ነው። ቁጥር 5 ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ ይላል፤ ቁጥር 10 ደግሞ 70 ዓመት ይላል። ስለዚህ ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት ብዙዎቹ መመለሱን በዓይናቸው አያዩትም ማለት ነው። ይህን ካየህ በኋላ "በዚህ ሳምንት በርህ ይከፈታል" ልበል ብትል አፍህ አይታዘዝልህም። ተስፋው ግን አልቀነሰብኝም። እንደኛ ብዙ ላሳለፈ ሕዝብ እንዲያውም የበለጠ የሚጨበጥ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ከሁሉም የወደድኩት እርማቱን ነው። ሰልጣኙ ተራው ሲደርስ አጭር ስብከት ያቀርባል፣ ፓስተሮቹ ማስታወሻ እየያዙ ያዳምጣሉ፣ ሲጨርስ ፊት ለፊት ይነግሩታል። "ይሄ ነጥብ ከየትኛው ቁጥር መጣ?" ብለው ይጠይቃሉ። አንዱ ወንድም በየመሃሉ "ለጎንህ ላለው ንገረው" እያለ ሲያስቸግር፣ "ልጄ፣ መጀመሪያ አንተ ቃሉን ንገራቸው" አሉት በለሆሳስ። ማንንም አያዋርዱም። ባልና ሚስቱ አቂላና ጵርስቅላ ሰባኪውን አጵሎስን ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ በትክክል ያስረዱት (ሐዋ. 18፥26) እንዲህ ይመስለኛል።

ጎንደር እኮ በመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት የታወቀች ከተማ ናት፤ የኦርቶዶክስ የጉባኤ ቤት ተማሪ መምህሩ እግር ስር ዓመታት ይቀመጣል። እኛ ዘንድ ግን ድምፁ ያማረ ልጅ ቶሎ ማይክ ይሰጠዋል፣ ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያርመው መድረክ ላይ ያረጃል። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የልምምዱ ሰዓት አይበቃም፤ ሰልጣኝ ሲበዛ እርማቱ ይቸኩላል። አብዛኛው ልምምድ በጳውሎስ መልእክቶች ላይ ስለሆነ የዳዊትን ወይም የሩትን ታሪክ እንዴት እንደምንሰብክ ገና አልጠራልንም። እህቶችም ጥቂት ነበሩ። የሰንበት ትምህርት የሚያስተምሩት፣ የቤት ለቤት ጥናት የሚመሩት በአብዛኛው እነሱ ሆነው ሳለ ለምን በብዛት አይጋበዙም?

የምትገቡ ካላችሁ ለልምምድ የሚሆን አጭር ክፍል ቀድማችሁ አንብቡ፣ ወፍራም ደብተርም ያዙ። ሌላው ሲታረምም ጻፉ፤ እኔ ብዙውን የተማርኩት ከጓደኞቼ እርማት ነው። አዘጋጆቹም ቢቻል ከስልጠናው በኋላ ፓስተሮቹ በየአጥቢያችን መጥተው እሁድ ስንሰብክ ቁጭ ብለው እንዲሰሙን ያድርጉ።