«ነዳጅ ቆጣቢ» የምትባለውን ተሰኪ እንዳትገዙ

የቤንዚን ሊትር 100 ብር ካለፈ ወዲህ «ነዳጅ ቆጣቢ» የሚሏት ትንሽ ዕቃ በየቴሌግራሙ እየተቸበቸበች ነው። እኔ 3,500 ብር ከፍዬ ገዝቻታለሁ። እባካችሁ እናንተ እንዳትገዟት።

የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ከመሪው ሥር፣ መካኒኮች ኮምፒውተር የሚሰኩበት ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ ነው የምትገባው። ሻጩ «150 ኪሎ ሜትር ያህል አነዳድህን ታጠናለች፣ ከዚያ 35 በመቶ ትቆጥብልሃለች፤ ጉልበትም ትጨምራለች» አለኝ። የምነዳው ቪትዝ ነው። የሽሮ ሜዳን ዳገት ስወጣ እንዴት እንደምታቃስት ስለማውቅ፣ የጣለኝ «ጉልበት» የሚለው ቃል ነው።

ስሰካት ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። የምትሠራ ትመስላለች። ደግነቱ ከመሰካቴ በፊት ለክቼ ነበር። ታንኩን እስከ አፉ ሞልቼ ኪሎ ሜትሩን ጻፍኩ፤ ነድቼ እንደገና ስሞላ ለገባው ሊትር አካፈልኩት። በሊትር 13.1 ኪሎ ሜትር። ዕቃዋን ሰክቼ 600 ኪሎ ሜትር ከነዳሁ በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ማደያ ደገምኩት። 12.9። ለሻጩ ስደውል «ገና እየተማረች ነው» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ብሎክ አደረገኝ።

መካኒኬ በካቻቢቴ ፈለቀቃት። ውስጧ ሦስት ትናንሽ አምፖሎች፣ አንዲት ቺፕና አንድ ቁልፍ ነው ያለው። የተያያዙት ከባትሪ ኮረንቲ የሚስቡት እግሮች ብቻ ናቸው። ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው መስመር የትም አልደረሰም። «ልጄ፣ ይቺ መብራት ናት፣ ሌላ ምንም አይደለችም» አለኝ። ሶኬቱ ደግሞ የሞተር ቁልፍ ሲነቀልም ኮረንቲ አለው። መኪናው ቆሞም ባትሪ ትስባለች ማለት ነው።

«ለማንኛውም የቤንዚን መኪና ይሆናል» ሲሏችሁ እዚያው ላይ ጠርጥሩ። የቪትዝ ሞተር ኮምፒውተር ፕሮግራም ለዲዛየር አይሆንም።

ጉልበቱን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ሞተራችን ጅቡቲ ላይ ከሚያገኘው አየር አንድ አምስተኛ ያህሉ ይጎድልበታል። ቱርቦ ለሌለው መኪና ይህን የሚመልስ ተሰኪ የለም። ጉልበት ይጨምራል ተብሎ አየር ማስገቢያው ቱቦ ውስጥ የሚከተተው የቆርቆሮ ፋን ደግሞ ይባስ ብሎ ያቺኑ ያለችውን አየር ይጋርዳል። ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ የነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰረው ማግኔትም ፋይዳ የለውም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ፣ ፍጆታን በጉልህ የቀነሰ አንድም አላገኘም።

የእኔ መኪና ችግር ሌላ ነበር። መካኒኬ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ጎማዎቹን በእጁ ሲያሽከረክር፣ የፊት ግራው አልዞር አለ። ፍሬኑ ይዞ አይለቅም። ለካ ቤት ስደርስ ያ ጎማ ለብቻው ይግል የነበረው ለዚህ ነው፤ ሸቶኝም ያውቃል፣ ልብ አላልኩትም። ፍሬኑን አሠራሁ። የአራቱንም ጎማ ንፋስ የሾፌሩ በር ላይ በተለጠፈው ልክ ጎሚስታ ጋ አስሞላሁ። እንደገና ስለካ 14.4 መጣ። ለሁሉም የከፈልኩት ለዚያች ዕቃ ካወጣሁት ያንሳል።

የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ንቀሏት። ሻጩ «እየተማረች ነው» ካላችሁ፣ የለካችሁትን ቁጥር አሳይታችሁ ብራችሁን ጠይቁት።