በሲልቨር ስፕሪንግ የበለስ ዛፎቻችንን ለተከሉልን አትክልተኛ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ በግቢያችሁ በለስ ለመትከል የምታስቡ ወገኖቼ አንድ የታመኑ ባለሙያ እንድታውቁ፣ ከዚያም በፊት ለእኚሁ ሰው የሚገባቸውን ምስጋና በአደባባይ ለማቅረብ ነው። ስማቸው በይፋ እንዲጻፍ ስለማይወዱ አልጠቅሰውም። በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የብዙ ሐበሻ ቤቶችን ግቢ የሚንከባከቡ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ አትክልተኛ ናቸው።

በቅድሚያ የማመሰግናቸው እናቴ የተመኘችውን ዛፍ እንዳንገዛ ስለከለከሉን ነው። እናቴ ደርቆ የሚሸጠውን የካሊፎርኒያ ካሊሚርና በለስ ስለምትወድ ዛፉን እንዲያስመጡላት ለመነቻቸው። እሳቸው ግን ቅድሚያ ክፍያውን ተቀብለው ዝም ማለት ሲችሉ፣ ተቀምጠው በትዕግሥት አስረዷት። የበለስ ፍሬ የምንለው በውስጡ እጅግ ብዙ ጥቃቅን አበቦችን የያዘ መሆኑን፣ ካሊሚርናም ፍሬ የሚይዘው አንዲት ትንሽ ተርብ ከወንዴው በለስ የአበባ ዱቄት ይዛ ስትገባ ብቻ መሆኑን፣ ያቺ ተርብ በእኛ አካባቢ ስለማትኖር ፍሬው ሳይበስል እንደሚረግፍ ነገሯት። አገር ቤት የምናውቃቸው ሾላና ዋርካም የዚሁ ቤተሰብ እንደሆኑና የየራሳቸው ተርብ እንዳላቸው ጨመሩላት። «እትዬ፣ ይህ ዛፍ እዚህ ቅጠል እንጂ ፍሬ አያበላዎትም» ብለው ሲጨርሱ እናቴ ቅር ሳይላት ምርጫውን ለእሳቸው ተወችው።

ያለ ተርብ ፍሬ የሚሰጡት ዝርያዎችም ቢሆኑ ብዙ ናቸው፤ የሰውየው ዕውቀት የታየኝም በእነዚህ መካከል ሲመርጡ ነው። አካባቢያችን በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የብርድ ካርታ 7ኛው ቀጠና ውስጥ ሲሆን፣ በዓመቱ እጅግ ቀዝቃዛ በሆነው ሌሊት ሙቀቱ በአማካይ ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል። እንዲህ ያለው ውርጭ የበለስን ቅርንጫፍ እስከ መሬት ሊያደርቀው ስለሚችል፣ ዋናው ጥያቄ ዛፉ ከሥሩ እንደገና ሲያቆጠቁጥ በዚያው ዓመት በአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ ፍሬ ይይዛል ወይስ አይይዝም የሚለው ነው። ቺካጎ ሃርዲ የተባለው ዝርያ ስለሚይዝ መሬት ላይ እንዲተከል የመረጡት እሱን ነው። ሴለስት የተባለው ደግሞ ፍሬው ትንሽ ቢሆንም እጅግ ጣፋጭ ነው፤ ከፍሬው ግርጌ ያለችው ቀዳዳ ጠበብ ያለች ስለሆነች በዝናባማው የሜሪላንድ በጋ ውሃና ነፍሳት ገብተው አያኮመጥጡትም። ነገር ግን ቅርንጫፉ በብርድ ከሞተ በዚያ ዓመት ምርቱ ስለሚያንስ፣ በብርዱ ወራት ወደማይሞቀው ጋራዥ እንድናስገባው በትልቅ ባልዲ ተከሉልን። ሁለቱን በዚህ መንገድ ማጣመራቸው፣ በእኔ ግምት፣ ከሥራቸው ሁሉ የላቀው ነው።

አተካከላቸውም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ቦታውን ከመወሰናቸው በፊት ጠዋትና ከሰዓት በኋላ እየመጡ ፀሐዩ የት እንደሚያርፍ ተመለከቱ። ከዚያም ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ማታ ለዛፉ እንዲመልስለት፣ ፊቱ ወደ ደቡብ ከሆነው የጡብ ግድግዳችን አጠገብ ቆፈሩ። ችግኙን በነበረበት ዕቃ ውስጥ ከነበረው ጥቂት ጠለቅ አድርገው የተከሉት፣ ከአፈር በታች የሚቀሩት እንቡጦች ከውርጭ እንዲተርፉ ነው። ለሣሩ የምንበትነው ማዳበሪያ ወደ ዛፉ እንዳይጠጋ አጥብቀው አስጠነቀቁን፤ ናይትሮጅን የበዛበት በለስ ቅጠል ያበዛል፣ ፍሬውንም ያዘገያል። ብርዱ ሲቃረብ ሥሩን ወፍራም ጉዝጓዝ አልብሰው ቅርንጫፎቹን በጆንያ ጠቀለሉልን። ፕላስቲክ ግን ቀን በፀሐይ ግሎ ማታ ስለሚቀዘቅዝ በቀጥታ እንዳናለብሰው ነገሩን።

ፍሬው በደረሰ ጊዜም ሳይጠሩ መጥተው ለልጆቻችን አለቃቀሙን አሳዩአቸው። በለስ ከተቆረጠ በኋላ እንደ ሙዝ እቤት ተቀምጦ የሚበስል ፍሬ ስላልሆነ፣ አንገቱ እስኪታጠፍና እስኪለሰልስ ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከግንዱና ከቅጠሉ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ካገኘው ስለሚያቃጥልና ውኃ ስለሚያስቋጥር፣ ለልጆቹ ጓንት ይዘው መምጣታቸውን እኔም ባለቤቴም አንረሳውም። ዋጋቸውን ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ቁርጡን ይናገራሉ፤ በኋላ የሚጨምሩት ነገር የለም።

አገልግሎታቸውን የምትፈልጉ ሁሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ችግኝ የሚተክሉት የመጨረሻው ውርጭ ካለፈ በኋላ፣ በአብዛኛው በኤፕሪል መጨረሻ ስለሆነ ቀጠሮ በብርዱ ወራት ብትይዙ ይሻላል። ያን ጊዜ ከሚገርዟቸው ዛፎች የሚቆርጡትን ጤናማ ቅርንጫፍ ራሱ ማብቀል ለሚፈልግ ሰው በነጻ ይሰጣሉ። ስትደውሉላቸው ግቢያችሁ በቀን ለስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኝ፣ ውኃ የሚያቁር ቦታም እንዳለው አስቀድማችሁ አይታችሁ ንገሯቸው፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።