መጠጥ ለማቆም ቡድን ለምትፈልጉ
አዲስ አበባ ሆናችሁ መጠጥ ማቆም ፈልጋችሁ የት እንሂድ ለምትሉ፣ የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ (መጠጥ ለማቆም እርስ በርስ የሚረዳዱ ሰዎች ቡድን) ስብሰባ ብትሞክሩት አሪፍ ነው። ክፍያ የለም፣ ለማቆም መፈለጋችሁ ብቻ ይበቃል፣ የአባት ስም የሚጠይቅም የለም። ቅርጫት ይዞራል፣ የፈለገ ብር ጣል ያደርጋል፣ ያልፈለገ ለጎኑ ያሳልፋል፣ ቀና ብሎ የሚያይህ የለም። ነገሩ በፈረንጆቹ 1935 አሜሪካ ኦሃዮ ሁለት ጠጪዎች የጀመሩት ነው፣ ቡድኑ መጠጥ ለመተው የሚከተላቸው 12 ደረጃዎች ላይ ፈጣሪ ፈጣሪ ይበዛል፣ እሱ የማይመቸው ሰው ይኖራል፣ ጸበል ለለመደ የኛ ሰው ግን ብዙም አይከብደውም ባይ ነኝ። ብቻ በየቀኑ አረቄ ስትጠጡ ከርማችሁ በአንዴ ድርግም አድርጋችሁ እንዳታቆሙ፣ እጅ ከመንቀጥቀጥ አልፎ ራስን ስቶ መውደቅም አለ፣ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ስብሰባው ላይ ያሉት እንደናንተው ሱስ የያዛቸው ሰዎች እንጂ ሐኪሞች አይደሉም።